የኩሬው አረንጓዴነት ከመኖው ባልዲ ይጀምራል

በጓሮ የአሳ ኩሬ መቆፈር በአገራችን እየተለመደ የመጣ ሥራ ነው። በጾም ወራት የአሳ ፈላጊው ይበዛል፤ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ሞቅ ያለ ውሃ ካገኘ ፈጥኖ ያድጋል፤ ጥቂት ቦታና የማይቋረጥ ውሃ ያለው ቤተሰብ ኩሬ ቆፍሮ፣ አፈሩ ውሃ የማይቋጥር ከሆነም ፕላስቲክ አንጥፎ ጫጩት መልቀቅ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኩሬው በተሞላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ባለቤቱም ሁለት የሚጋጩ ምክሮች ይሰማል። አንደኛው ውሃው ቆሽሿልና መድኃኒት ይጨመርበት ይላል። ሁለተኛው አረንጓዴ ውሃ የአሳ ቀለብ ነውና ፍግ ይጨመርበት ይላል። ሁለቱም ምክሮች የአልጌውን መኖር እንጂ የመጣበትን ምክንያት አይጠይቁም። አልጌ በኩሬ ውስጥ የሚበዛውም የሚያንሰውም ባለቤቱ ወደ ውሃው በሚያስገባውና ከውሃው በሚያወጣው ንጥረ ነገር ልክ ነው። ስለዚህ ኩሬን የማከም ሥራ መጀመር ያለበት ከመኖው ባልዲ ነው፤ መድኃኒት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ለጓሮ ኩሬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከነጭራሹ አያስፈልግም።

አልጌ በራሱ ጠላት አይደለም። በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን አካላቱ በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው የፀሐይን ብርሃን በመጠቀም ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ በዚህ ሂደትም ቀኑን ሙሉ ወደ ውሃው ኦክስጅን ይለቃሉ። አሳው በስንጥቡ የሚያወጣውን አሞኒያ ለእድገታቸው ስለሚጠቀሙበትም ውሃውን ከመርዝ ያጸዱታል። ከዚህ አልፎ ቆሮሶ ራሱ አልጌ በሊታ ነው። በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጫሞ ሐይቆች የሚኖረው ቆሮሶ አብዛኛውን ቀለቡን የሚያገኘው ከዚሁ ተንሳፋፊ አልጌ ነው። የጨጓራው አሲድ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ሌሎች አሳዎች ሊፈጩት የማይችሉትን የአልጌ ሽፋን ሰባብሮ ይጠቀምበታል። እንግዲህ ለምግብ የሚሆን አሳ በሚረባበት ኩሬ ውስጥ እንደ መስታወት የጠራ ውሃ የጤና ምልክት ሳይሆን የረሃብ ምልክት ነው። በሆቴልና በመኖሪያ ግቢ ለውበት የሚሠራ ኩሬ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው አሳው ከላይ እንዲታይ ነውና ውሃው መጥራት አለበት። የሁለቱ ዓላማ ቢለያይም የሚገዛቸው ሕግ ግን አንድ ነው።

ይህን ሕግ በዓይን እንዲታይ አድርጎ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የተጀመረ ሙከራ ነው። ዴቪድ ሺንድለር የተባለው የውሃ ሳይንስ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሐይቅ 226 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን ትንሽ ሐይቅ ከላይ እስከ ታች በሚደርስ መጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንደኛው ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። በሌላኛው ወገን ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጨመሩ። ፎስፈረስ ያልደረሰው ወገን እንደነበረ ቀረ፤ ፎስፈረስ የተጨመረበት ግን በአልጌ ተሸፈነ። ከአየር ላይ የተነሳው ፎቶግራፍ መጋረጃው ባለበት መስመር ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው አንድ ሐይቅ አሳየ። በሁለቱ ወገኖች ፀሐዩ፣ ዝናቡና ሙቀቱ አንድ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የተጨመረው ንጥረ ነገር ብቻ ነው። የጓሮ ኩሬ ከሐይቅ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ይህ ሕግ በእሱ ላይ ይበልጥ ይጠብቃል፤ በሐይቅ ላይ ዓመታት የሚፈጀው ለውጥ በኩሬ ውስጥ በሳምንታት ይታያል።

ወደ ጓሮ ኩሬ የሚገባውን እናስላ። 30 በመቶ ፕሮቲን ያለው 1 ኪሎ መኖ በውስጡ 48 ግራም ያህል ናይትሮጅን ይይዛል። አሳው ይህን በልቶ ግማሽ ኪሎ ያህል ቢጨምር በሥጋው ውስጥ የሚያስቀረው ከናይትሮጅኑ ሲሶ እንኳ አይሞላም። የቀረው በስንጥቡ በሚወጣው አሞኒያ፣ በኩሱና ሳይበላ በሰመጠው ፍርፋሪ መልክ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በፎስፈረስም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው፤ አብዛኛው ኩሬው ውስጥ ይቀራል። በመኖው ላይ የዶሮ ኩስ ሲታከልበት፣ ፍሩሽካና ፋጉሎ በእፍኝ ሲበተን፣ በክረምት ጎርፍ ከእርሻና ከበረት ያጠበውን ሲያስገባ፣ የዛፍ ቅጠል ወድቆ ሲበሰብስ የገቢው ዝርዝር ይረዝማል። ወጪው ግን ጥቂት ነው፦ ተይዞ የሚወጣው አሳ፣ የሚቀየረው ውሃና ከወለሉ የሚጠረገው ዝቃጭ። ገቢው ከወጪው ሲበልጥ ልዩነቱን የሚሰበስበው አልጌው ነው። አልጌውን ብቻ ገድሎ ንጥረ ነገሩን እዚያው መተው ይህን ሒሳብ በምንም አያቃልለውም፤ የሞተው አልጌ በስብሶ የያዘውን ለሚቀጥለው አልጌ ያስረክባል።

ከልክ ያለፈ አልጌ መጀመሪያ የሚጎዳው የአሳውን እስትንፋስ ነው። ቀን ኦክስጅን የሚሰጠው ያው አልጌ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ አሳው መተንፈስና ኦክስጅን መውሰድ ይጀምራል። ስለዚህ የኩሬ ኦክስጅን ከሰዓት በኋላ ከፍተኛ፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ዝቅተኛ ይሆናል፤ አልጌው በበዛ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ቆሮሶ ቻይ አሳ ቢሆንም በደንብ እንዲያድግ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 5 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ለረጅም ሰዓት ከ3 ሚሊግራም በታች ሲሆን መብላት ይተዋል፣ ለበሽታም ይጋለጣል። የደጋና የወይና ደጋ ኩሬዎች በዚህ ላይ ሌላ ጫና አለባቸው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው 1 ሊትር ውሃ 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ በአዲስ አበባ ከፍታ ያለው ተመሳሳይ ውሃ የሚይዘው 6 ሚሊግራም ገደማ ነው። ለቆላ አገር ወይም ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ የአመጋገብ መመሪያ ሳይቀነስ እዚህ ቢሠራበት አሳውን ለአደጋ የሚያጋልጠው በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ለቀናት ሲዳምን አልጌው ቀን የሚሠራው ኦክስጅን ሌሊት ከሚወስደው ያንሳል፤ ማለዳ ላይ አሳዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲያለከልኩ የሚታየውም ያኔ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የማይታይ ነው። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲሠራ ከውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ከሰዓት በኋላ የውሃው ፒኤች ወደ ላይ ይወጣል። በውሃው ውስጥ ያለው አሞኒያ ደግሞ መርዛማነቱ በፒኤች ይወሰናል። 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውሃ ፒኤች 7 ሲሆን መርዛማ መልክ ያለው አሞኒያ ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲደርስ 5 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ 9 ሲደርስ ከሲሶው ይበልጣል። ጠዋት ምንም ያላደረገው አሞኒያ አንድ ግራም ሳይጨመርበት ከሰዓት በኋላ ስንጥብ ሊያቃጥል ይችላል ማለት ነው። ይህን መዋዠቅ የሚያረጋጋው በውሃው ውስጥ ያለው የኖራ ባሕርይ ነው። አፈሩ አሲዳማ በሆነባቸው የምዕራብና የማዕከላዊ ደጋ አካባቢዎች ኩሬው ከመሞላቱ በፊት ወለሉ ላይ የእርሻ ኖራ መበተን የሚመከረው ለዚህ ነው። ለግድግዳ ቅብ የሚውለው የተቃጠለ ኖራ ግን አሳ ባለበት ኩሬ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ፒኤቹን በአንድ ጊዜ አንሮ አሳውን ይገድላል።

ሦስተኛው ጉዳት ከአልጌው ዓይነት ይመጣል። ንጥረ ነገር ሲበዛና ውሃው ሲሞቅ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው ወገን ሌሎቹን አሸንፎ ይነግሣል። ብዙዎቹ ዝርያዎቹ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፉ የውሃው ፊት አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል፤ ንፋስም በአንድ ጥግ ያጠራቅማቸዋል። ከእነዚህ መካከል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጩ አሉ። በአገራችን የቆቃ ግድብ ውሃ ማይክሮሲስቲስ በተባለው የዚህ ወገን ዝርያ በመወረሩ በሰፊው ይታወቃል፤ መነሻውም ከላይኛው አዋሽ ተፋሰስ፣ ከከተማ፣ ከፋብሪካና ከእርሻ፣ ታጥቦ የሚገባው ንጥረ ነገር ነው። መርዙ ውሃውን በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ቀለም የመሰለ ቅባት የሸፈነውን ኩሬ ውሃ ለከብት ማጠጣትም ሆነ ለቤት መቅዳት አይገባም፤ ከእንዲህ ዓይነት ውሃ የተያዘ አሳም ሆድ ዕቃው፣ በተለይ ጉበቱ፣ በሚገባ ተወግዶ መጣል አለበት።

ታዲያ አረንጓዴነቱ ጠቃሚ ይሁን አደገኛ በምን ይለያል? ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ነጭ ሳህን በገመድ አስሮና ክብደት አበጅቶ ወደ ውሃው ማውረድ ይበቃል፤ ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ከሆነ አልጌው በልኩ ነው። ከ20 ሳንቲሜትር በፊት ከጠፋ በዝቷል። ከ50 ሳንቲሜትር በኋላም ከታየ ውሃው ለቆሮሶ ቀለብ አጥሮታል። ሳህን ከሌለ ክንድን እስከ ክርን ማጥለቅ ተመሳሳይ ፍርድ ይሰጣል፤ መዳፉ በደንብ የሚታይ ከሆነ አልጌው ጥቂት ነው፣ አንጓው ሳይሰምጥ መዳፉ ከጠፋ ደግሞ ብዙ ነው። መለኪያው እንዳያሳስት የውሃውን ቀለም ማየት ያስፈልጋል፤ ቡናማ ሆኖ ከሆነ ያደፈረሰው ደለል እንጂ አልጌ አይደለም፤ መፍትሔውም ጎርፉን በቦይ ማስቀየስ ነው። ልኬቱ በሳምንት አንድ ጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ቢወሰድና በደብተር ቢጻፍ ባለቤቱ ችግሩ ከመድረሱ በፊት ያየዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሳህኑ በዝቷል ሲል ፍግ ይቆማል፣ መኖም ለጥቂት ቀናት ይቀንሳል። አሳዎቹ ማለዳ የሚያለከልኩ ከሆነ ደግሞ መኖው ፈጽሞ ይቆምና ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየተረጨ ይገባል፤ ውሃው ሲወርድ ከአየር ኦክስጅን ይዞ ይገባልና።

መድኃኒት ለምን አይጨመርም የሚለው ጥያቄ ተገቢ መልስ ይሻል። ኮፐር ሰልፌት አልጌን እንደሚገድል ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው፤ ውጤቱም በጥቂት ቀናት ይታያል። ነገር ግን በአልጌው መጠንና በአሳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ውሃው የኖራ ባሕርዩ ባነሰ ቁጥር መዳቡ ለአሳው ይበልጥ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ይህን ሳይለኩ መጨመር በጭፍን መወርወር ነው። መጠኑ ትክክል ቢሆን እንኳ በአንድ ጊዜ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ያሟጥጠዋል፤ ከመዳቡ የተረፈው አሳ በአየር እጦት ሊያልቅ ይችላል። አልጌውን እየበሉ የሚቀንሱት ጥቃቅን የውሃ እንስሳትም አብረው ስለሚሞቱ ቀጣዩ አልጌ ያለ ተቀናቃኝ ይመለሳል፤ መዳቡ ደግሞ በዝቃጩ ውስጥ ይከማቻል። በረኪና መጨመር ከዚህ የከፋ ነው፤ ክሎሪን እጅግ በጥቂቱ እንኳ የአሳን ስንጥብ ያበላሻል። ኩሬውን በበረኪና ማከም የሚቻለው አሳው ወጥቶ ኩሬው ባዶ በሆነበት ጊዜ ብቻ ነው።

ውሃውን መቀየር ቀላሉ መንገድ አይደለም ወይ የሚሉም አሉ። ውሃ መቀየር በእርግጥ ንጥረ ነገር ያስወጣል፤ በአንድ ጊዜ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ የሚሆነውን፣ በተለይ ከወለሉ አጠገብ ያለውን፣ ማውጣት ይረዳል። ሙሉ በሙሉ መቀየር ግን አሳውን በሙቀትና በፒኤች ለውጥ ያስደነግጣል፤ መኖው ካልተስተካከለም አዲሱ ውሃ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሚገባው የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሮቶ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ውሃ በሚወደድበት ከተማ፣ በተለይ ለውበት በተሠራ ትንሽ ኩሬ፣ ከመቀየር ይልቅ ያንኑ ውሃ በፓምፕ እያዞሩ በጠጠርና በስፖንጅ ማጣሪያ ማሳለፍ ይሻላል። በማጣሪያው ላይ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ለመደላደል ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅባቸው ስለሚችል በአዲስ ኩሬ ውስጥ ብዙ አሳ በአንዴ መልቀቅ አይገባም፤ ማጣሪያውም መታጠብ ያለበት በኩሬው ውሃ እንጂ በክሎሪን ውሃ አይደለም። ናይትሬቱ ራሱ ግን ለአልጌ ምግብ ስለሆነ ማጣሪያ መርዙን ያበርዳል እንጂ የመኖውን ሒሳብ አይዘጋም።

ሌሎች ወደ ተፈጥሮ ዘዴዎች ያዘነብላሉ። የገብስ ገለባ በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አዲስ አልጌ እንዳይበቅል የሚገታ ነገር እንደሚለቅ በእንግሊዝ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በሌሎች ሙከራዎች ግን ያልሠራበት ጊዜ አለ። ገለባው ያለውን አልጌ አይገድልም፤ ከበዛም ራሱ እየበሰበሰ ኦክስጅን ይሻማል። ስለዚህ ረዳት ሊሆን ይችላል፣ መሠረት ግን አይሆንም። ተንሳፋፊ ዕፅዋት ውሃውን በማጥላትና ንጥረ ነገሩን በመሻማት አልጌን በእርግጥ ይቀንሳሉ፤ ይሁን እንጂ እምቦጭን ለዚህ ብሎ ወደ ጓሮ ማምጣት ከባድ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው ይህ አረም በሐይቁ ላይ ያደረሰውን ሁሉም ያውቃል፤ ከጓሮ ኩሬ በጎርፍ ያመለጠ አንድ ግንጣይ ለወንዝና ለሐይቅ ይተርፋል። ጥላ ካስፈለገ የኩሬውን ጥቂት ክፍል በመረብ ማጥላት ይበቃል። በዳር በዳሩ እንደ ክር ተያይዞ የሚበቅለውን አልጌ ደግሞ በመንሽ እየጠቀለሉ ማውጣት ከመድኃኒት ይሻላል፤ የወጣው አልጌ የያዘውን ንጥረ ነገር ሁሉ ይዞ ይወጣልና። የኩሬው ዳር ቀጥ ብሎ ጥልቀቱ 1 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይህ ክርማ አልጌ ሥር የሚይዝበት ብርሃናማ ወለል አያገኝም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የአርቢው ነው፦ መኖ ከቀነስኩ አሳው መቼ ያድጋል? ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው፤ አሳ በረሃብ አያድግም። ነገር ግን አሳ ያልበላው መኖም አሳ አያሳድግም፤ ገንዘብ ሆኖ ገብቶ አልጌ ሆኖ ይወጣል። ቆሮሶ የሚበላው እንደ ውሃው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፍላጎቱ በእጅጉ ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ በመጋቢት ልክ የሚበተን መኖ ወደ ወለሉ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መኖው ፀሐይ ውሃውን ካሞቀች በኋላ፣ በአንድ ቦታ፣ በጥቂት በጥቂቱ ቢሰጥና አሳዎቹ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጨርሰው የሚበሉት ያህል ብቻ ቢሆን አርቢው ምንም አያጣም። የአሳው ብዛትም ልክ ያስፈልገዋል፤ አየር ማስገቢያ መሣሪያ በሌለው ኩሬ በ1 ካሬ ሜትር ሁለት ወይም ሦስት ቆሮሶ ይበቃል። ቆሮሶ በኩሬው ውስጥ ሳይታወቅ ስለሚራባ ትንንሾቹን በየጊዜው በመረብ እያወጡ መቀነስ አፉንም ኩሱንም ይቀንሳል። ሳህኑ አልጌው በልኩ ነው በሚልበት ጊዜ ደግሞ የመኖው አንድ ክፍል በዚሁ አልጌ ይተካልና ቆጣቢ መሆን ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲደመር ኩሬ ብቻውን የሚታይ ነገር አለመሆኑን ያስረዳል። የአልጌው ምግብ የሆኑት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አጠገቡ ያለው የጎመንና የቲማቲም መደብ የሚራበውና ገበሬው በማዳበሪያ መልክ በውድ የሚገዛው ያው ነገር ነው። ከኩሬው ወለል የሚወጣው ውሃ መደቡን ቢያጠጣ፣ አሳው ተይዞ ሲያልቅ የሚጠረገው ዝቃጭ መሬቱ ላይ ቢበተን፣ በመንሽ የወጣው አልጌ ከብስባሹ ጋር ቢቀላቀል የኩሬው ትርፍ ንጥረ ነገር መውጫ ያገኛል፤ ቀጣዩ የአሳ ዙርም በቀለለ ውሃ ይጀምራል። ኩሬን ያለ አትክልት መደብ የሚቆፍር ቤተሰብ ንጥረ ነገር የሚገባበትን በር ብቻ ነው የከፈተው፤ መውጫውን አልሠራም። በየአካባቢው የአሳ እርባታ የሚያስተምሩ ባለሙያዎችም ጫጩት ከማከፋፈላቸው በፊት ሁለቱን አብረው ቢያቅዱ፣ ለአርቢውም መድኃኒት ከማሳየታቸው በፊት ነጭ ሳህንና የመኖ ደብተር ቢያስይዙት የብዙ ኩሬዎች ችግር ገና ሳይጀምር ይቀራል። አረንጓዴ ውሃ የባለቤቱን አሠራር መልሶ የሚነግረው መረጃ ነው፤ መረጃውን ያነበበ አርቢ ውሃውን ሳይመርዝ አሳውን ያሳድጋል፣ ጓሮውንም ያለማል።